ከ175 ወደ 195፦ የሦስት ኮሮላዎች የጎማ ወርድ ማስታወሻ

ሳምንት 1 (ግንቦት መጀመሪያ)

መኪኖቹ ሦስት፣ ሁሉም ኮሮላ ኤንዜድኢ 121፣ 1.5 ሊትር ሞተር። ግቢው አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ። ሦስቱም 14 ኢንች፣ ወርዱ 5.5 ኢንች የሆነ የብረት ቸርኬና 175/70 አር 14 ጎማ (175 ወርዱ በሚሊሜትር ነው) ላይ ናቸው። ሀ፣ ለ እና ሐ ብለናቸዋል።

የሹፌሮቹ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። አደባባይ ሲዞሩ የፊቷ አፍንጫ ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ዝናብ ሲጥል ቸርችልን ወደ ለገሃር ሲወርዱ ፍሬን ሲያዝ ትንሸራተታለች። ከጎሚስታው ጀምሮ ሁሉም ያቀረበው መፍትሔም አንድ ነው፦ «ሰፊ ጎማ ይግባላት»። ሊሆን ይችላል። ግን አሁን ያለው ጎማ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይታይ ወርድ ቢቀየር፣ ለውጡ ከወርዱ ይምጣ ከአዲስነቱ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ንፋስ። ሀ ላይ ፊት 24 እና 27፣ ኋላ 30 እና 22 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ተገኘ። በሦስት መለኪያ ለክተን ሦስት የተለያየ ቁጥር ነው ያገኘነው፤ የኮምፕሬሶሩ መለኪያ ከእጅ መለኪያው በ4 ያበዛል። «32 ሙላልኝ» ያለ ሹፌር 28 ይዞ ሲሄድ ከርሟል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ በአንድ ዲጂታል መለኪያ፣ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ የተወሰደ ነው።

ቀጥሎ ዕድሜ። በጎማው ጎን ላይ ካለው የዶት (DOT) ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። የሀ ፊት ጎማዎች 2216 ይላሉ፦ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2016 22ኛ ሳምንት። ጥርሱ 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል፣ ማለቂያ ምልክቱ ደግሞ 1.6 ላይ ነው፤ በቁጥር ገና ነው። ላስቲኩ ግን ደርቋል፣ ጥፍር ሲጫኑት አይሰምጥም። ጥርስ ያለው ጎማ ሁሉ መሬት ይይዛል ማለት አይደለም።

አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ)፦ ለ ላይ የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከኋላቸው 6 ሚሊሜትር ሰፍተው ተገኙ። ጎማዎቹ ወደ ውጭ እያዩ ነው። በሜትር ገመድ፣ በቸርኬው መሃል ከፍታ፣ ከአንዱ ጎማ መሃል መስመር ወደ ሌላው ለክቶ ማወቅ ይቻላል፤ ማስተካከሉ ግን ወደ ማሽን ተልኳል።

መፈተኛ፦ ግቢው አስፋልት ላይ በኖራ 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ተሠመረ። መኪናዋ ክቡን ይዛ ፍጥነት ትጨምራለች፤ አፍንጫዋ መስመሩን መልቀቅ ስትጀምር ትንሽ ይቀነስና አንድ ሙሉ ዙር የፈጀው ሰከንድ በስልክ ይለካል። የጎን ፍጥንጥነቱ 4 በፓይ ካሬ፣ በራዲየስ ተባዝቶ፣ ለሰከንዱ ካሬ ተካፍሎ ይገኛል፤ ያ ለ9.81 ሲካፈል በጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት ልክ ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አደጋ የለውም፣ ጎማውን ግን ይበላል። ከአምስት ዙር በላይ አይደገም፤ ላስቲኩ ከሞቀ ቁጥሩ ይለወጣል።

ሀ እንዳለች፦ 7.9 ሰከንድ፣ ማለትም 0.65 ጂ።
ሀ ንፋሱ 32 ሆኖ፣ አላይመንት ተስተካክሎ፣ በዚያው ያረጀ ጎማ፦ 7.6 ሰከንድ፣ 0.70 ጂ።

ወርድ ሳይነካ፣ ጎማ ሳይገዛ የተገኘ ለውጥ ነው። ወጪው የአላይመንት ብቻ።

ሳምንት 2

ሀ ላይ አራት አዲስ 175/70 አር 14 ተገጠመ፤ ማነጻጸሪያችን እሷ ናት። ለሌሎቹም የሚገዛው የዚያው ፋብሪካ፣ የዚያው ሞዴል ጎማ እንዲሆን ተወሰነ። ጎማ ተራ ዞረን ሦስቱንም ልክ በአንድ ሞዴል ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ። የተለያየ ሞዴል ቢሆን የላስቲኩ ድብልቅ ስለሚለያይ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር።

አዲሱ 175፦ 7.3 ሰከንድ፣ 0.76 ጂ።

አሁን አሻራ፣ ማለትም ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ምልክት። በዚህ ማስታወሻ ወርድ ስንል የጎማውን አግድም ልክ ነው፣ ስፋት ስንል ደግሞ መሬት የሚነካውን ቦታ በካሬ ሴንቲሜትር። በንግግር ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው «ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ይነካል» የሚባለው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መኪናዋ ከሹፌርና ከነዳጅ ጋር 1,150 ኪሎ ገደማ ትሆናለች፤ 60 በመቶው ፊት ላይ ቢያርፍ ለአንድ የፊት ጎማ 345 ኪሎ ይደርሰዋል። 32 ፒኤስአይ 2.2 ባር ነው፣ በካሬ ሴንቲሜትር 2.25 ኪሎ ማለት። ክብደቱ ለንፋሱ ሲካፈል 153 ካሬ ሴንቲሜትር። በዚህ ስሌት ውስጥ የጎማው ወርድ የትም ቦታ የለም። የጎማው ጎን ጥንካሬ ቁጥሩን ጥቂት ያዛባዋል፣ መሠረቱን ግን አይለውጠውም።

አሻራ ለማንሳት፦ ጎማው በክሪክ ይነሳል፣ ጥርሱ የማኅተም ቀለም ይቀባል፣ ሥሩ ካርቶን ይደረጋል፣ ቀስ ተብሎ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይነሳል። ሦስት ጊዜ ተበላሸ። ምክንያቱ፦ መኪናዋ ስትወርድ ጎማው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ እግሩ ሲታጠፍ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ቀለሙንም ይጎትተዋል። የወርዱ ልክ በሁለት ሴንቲሜትር ተጋንኖ ወጣ። መፍትሔው ከካርቶኑ ሥር በመካከላቸው ግሪስ የተቀባ ሁለት የፕላስቲክ ንጣፍ ማድረግ ሆነ፤ ካርቶኑ ከጎማው ጋር ይሄዳል፣ አሻራው ጥርት ብሎ ይቀራል። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ማስደገፍ አይረሳ፤ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም።

የ175 አሻራ፦ ወርድ 12.7፣ ርዝመት 12.1 ሴንቲሜትር፣ ጫፎቹ ክብ። አራት ማዕዘን ማለት ይቻላል።

ሳምንት 3

ለ ላይ ያለውን ቸርኬ ሳንቀይር ወርድ መጨመር። እዚህ ነው የተሳሳትነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነበር። 175/70 አር 14 ማለት ጎኑ የ175 70 በመቶ፣ 122.5 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ጎን 245፣ የቸርኬው 355.6 ሲጨመርበት ዳያሜትሩ 600.6 ሚሊሜትር። 195/65 አር 14 ደግሞ 609.1። ልዩነቱ 1.4 በመቶ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያውን ብዙ አያዛባም። ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበው 195/70 ነበር፤ እሱ 628.6 ይሆናል፣ 4.7 በመቶ ይረዝማል፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ ማርሹም ይረዝማል፣ ማለትም ሞተሩ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ መግፋት አለበት። አዲስ አበባ ከፍታው ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ካለው ጉልበት ሩብ ገደማ ያጣል፤ ማርሽ ማስረዘም ደግሞ በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ 195/65 ተገዛ።

ያላየነው የቸርኬውን ወርድ ነው። ለ195/65 የሚፈቀደው ከ5.5 እስከ 7 ኢንች፣ ፋብሪካው ልኩን የሚሰጥበት ደግሞ 6 ነው። 5.5 ላይ ይገባል፣ ግን የመጨረሻው ጠርዝ ነው። የቸርኬው ወርድ በግማሽ ኢንች ሲለዋወጥ የጎማው ወርድ በ5 ሚሊሜትር ገደማ ይለዋወጣል። 195 ተብሎ የተገዛው ስንለካው 190 ሆነ። ጎኑ እንደ ዳቦ ተነፋ፣ ጥርሱ መሃሉ ወጣ።

አሻራው ይህንኑ መሰከረ። ወርዱ 13.8 ብቻ፣ ዳር ዳሩ ቀለሙ ሳስቶ መሃሉ ጠቁሮ። ክቡ ላይ 7.3 ሰከንድ፤ ከ175 ምንም አልተለየም። መሪው ግን ተለየ፦ ሲዞር ጎማው ዘግይቶ ነው የሚመልሰው። ቸርኬው ይሄዳል፣ የተነፋው ጎን ይለጠጣል፣ ጥርሱ ከኋላ ይደርሳል። ንፋሱን ወደ 35 ከፍ ስናደርግ መልሱ ጥቂት ፈጠነ፣ መሃሉ ግን ይበልጥ ወጣ፤ በዚህ ቢነዳ መሃሉ ቀድሞ ያልቃል። ወደ 29 ስናወርደው ዳሩ መሬት ነካ፣ መሪው ደግሞ ገንፎ ሆነ። በንፋስ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ለ5.5 ቸርኬ ትክክለኛው ደረጃ 185/65 አር 14 ነው፦ ዳያሜትሩ 596.1፣ የልክ ቸርኬው ራሱ 5.5። በ10 ሚሊሜትር መርካት ነበረብን። 195ዎቹ ስድስት ኢንች ቸርኬ ላለው ሰው እንደ አሮጌ ጎማ ተሸጡ። አንድ ሳምንት ያልተነዳ ጎማ ቢሆንም «የተገጠመ» ከተባለ ዋጋው ይወድቃል። የማውለቂያ፣ የመግጠሚያና የባላንስ ክፍያም ሁለት ጊዜ ወጣ።

ለ በ185/65፦ 7.25 ሰከንድ። መሪው ከሦስቱም መኪና ይበልጥ ተስማሚ ሆነ ያለው ሹፌር አለ። የሰዓቱ ስህተት ራሱ 0.1 ስለሆነ በቁጥሩ መፎከር አይቻልም።

ሳምንት 4

ሐ፦ 195/60 አር 15 በ15 ኢንች፣ 6 ኢንች ወርድ ባለው አሉሚኒየም ቸርኬ። ዳያሜትሩ 615፣ ከመነሻው 2.4 በመቶ የሚበልጥ። የጭነት ቁጥሩ 88 ነው፣ ለአንድ ጎማ 560 ኪሎ ማለት፤ የ175ቱ 84፣ 500 ኪሎ ነበር። ወደ ታች እንዳይወርድ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ቸርኬዎቹ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገሉ። አራት የዳዶ ቀዳዳ፣ የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊሜትር፤ ልክ ነው ተብሎ ተገዛ። ሦስት ነገር አላየንም።

አንደኛ፣ የመሃሉ ቀዳዳ። የኮሮላው ሃብ (ቸርኬው የሚሰካበት መሃል) 54.1 ሚሊሜትር ነው፣ የእነዚህ ቸርኬዎች ግን 67.1። ሃብ ላይ ሳይቀመጡ በዳዶ ብቻ ነው የሚሰለፉት። በ80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ማሽን ላይ ግን ዜሮ ያሳያል፤ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ኮን ስለሚይዘው። ቶርኖ ቤት አራት የአሉሚኒየም ቀለበት አስቀረጽን፣ ውጩ 67.1 ውስጡ 54.1። ንቅናቄው በአብዛኛው ጠፋ።

ሁለተኛ፣ አንዱ ቸርኬ በውስጥ በኩል ከንፈሩ ታጥፏል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ነው። የቀረው ንቅናቄ የእሱ ነበር። ሲገዙ ቸርኬውን ማሽን ላይ አስገጥሞ ሚስማር በአንድ ነገር አስሮ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ማዞር፤ ክፍተቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ከተለዋወጠ መተው። የታጠፈ ቸርኬ «በመዶሻ ይመለሳል» ይባላል። አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ ኢቲ፣ ማለትም የቸርኬው መግጠሚያ ገጽ ከወርዱ መሃል በሚሊሜትር ወደ ውጭ ያለው ርቀት፤ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ከክንዱ ጀርባ ኢቲ 38 ተብሎ ተቀርጿል፤ የመኪናዋ 45 ነው። ሰባት ሚሊሜትር ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የጎማው ወርድ ደግሞ በየጎኑ 10 ይጨምራል፤ በድምሩ የጎማው ውጫዊ ጎን በ17 ሚሊሜትር ወጣ። ለዓይን ያምራል፣ ሹፌሮቹም ወደዱት። አምስት ሰው ጭና መሪዋን እስከ ጥግ አዙራ ከግቢው ደፍ ስትወርድ የፓራፋንጎውን ፕላስቲክ ፋቀችው። ከፍቄቱ የባሰው ኮብልስቶን ላይ ያለው ነው። ጎማው ከመሪው መዞሪያ ዘንግ ስለራቀ እያንዳንዱ ድንጋይ መሪውን ይነቀንቀዋል፤ በአንድ ጎማ ጉድጓድ ስትገባ መሪው ከእጅ ይነጥቃል። ይህ የወርዱ ጥፋት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ግን «ሰፊ ጎማ መሪ ያከብዳል» ተብሎ በወርዱ ይሳበባል።

ሳምንት 5

ቸርኬዎቹ ልዩነት ተከፍሎ በቶዮታ ዋና ቸርኬ ተቀየሩ፦ 15 በ6፣ ኢቲ 45፣ የመሃሉ ቀዳዳ 54.1። የቶርኖው ቀለበቶች መሳቢያ ውስጥ ቀሩ።

አዲስ ችግር፦ የብረቱ ቸርኬ ዳዶ ሾጣጣ ነው፣ የእነዚህ መቀመጫ ግን ጠፍጣፋ፤ ከነዋሸራቸው ረጅም አንገት ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። ሾጣጣውን ጠፍጣፋ ላይ ያጠበቀ ሰው ዳዶው በራሱ ጊዜ ሲላላ ያገኘዋል። 16 ዳዶ ተገዛ፣ ክሩ 12 በ1.5። ማጥበቂያው በመስቀል ተራ፣ 103 ኒውተን ሜትር፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና። በአየር ሽጉጥ ብቻ የተጠበቀን ዳዶ መንገድ ላይ በስኮርታ ቁልፍ ለመፍታት ሞክሩ፤ ለምን ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) እንደሚያስፈልግ ክንድ ያስረዳል።

ሁለት ጎማ ተገልብጦ ተገጠመ። በጎኑ ላይ የማዞሪያ ቀስት አለ፤ ጎሚስታው የባላንስ እርሳስ እያየ ቀስቱን አላየም። ደረቅ መንገድ ላይ አይታወቅም። ዝናብ ላይ ግን ጥርሱ ውኃውን ወደ ውጭ ማስወጣት ሲገባው ወደ መሃል ይሰበስባል።

ሚዛን፦ የድሮው ጎማ ከነቸርኬው 14.2 ኪሎ፣ አዲሱ 15.8። በአራቱ 6.4 ኪሎ፣ ያውም የሚሽከረከር። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ዳገት ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽን ቀደም ብሎ ይፈልጋል።

አሻራ፦ ወርድ 15፣ ርዝመት 10.4። ስፋቱ ከ175ቱ እምብዛም አልተለየም፤ ቅርጹ ነው የተለወጠው።

ክቡ ላይ 7.15 ሰከንድ፣ 0.79 ጂ። ከአዲሱ 175 በ0.03 የሚበልጥ። ከደረቀ ጎማና ከጎደለ ንፋስ ወደ አዲስና ትክክለኛ ስንሄድ ያገኘነው ግን 0.11 ነበር።

ትርፉ ከየት መጣ ስፋቱ ካልጨመረ? መኪና ስትዞር ክብደቷ ወደ ውጭ ጎማ ይሄዳል። ላስቲክ ደግሞ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መያዙ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያነሰ ነው። ወርደ ሰፊው አጭር አሻራ ይህን ጭነት በአግድም ስለሚያካፍል ኪሳራው ይቀንሳል፣ ጎኑም አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ጥርሱ ብዙም ሳይጠማዘዝ ኃይል ያወጣል። ለዚህ ነው መሪው «ፈጣን» የሚመስለው። ሌላ ፊትም አለው። ረጅም አሻራ መሪውን ወደ መሃል የሚመልስ ጉልበት አለው፣ ከመንሸራተቱ በፊት መሪው ሲላላ ሹፌሩ በእጁ ይሰማዋል። በአጭሩ አሻራ ይህ ማስጠንቀቂያ ይቀንሳል። ሐ ዘግይታ ነው የምትለቀው፣ ስትለቅ ግን ድንገት ነው። የከባድ መኪና ጎማ ባጎደጎደው አስፋልት ላይም ጎድጓዳውን እየተከተለች ትዋልላለች፤ 175ቱ ይህ የለበትም።

ሳምንት 7 (ሰኔ መጨረሻ)

ክረምቱ ገባ። ዝናብ እየዘነበ ክቡ ላይ፦ ሀ 8.0፣ ሐ 8.0። እኩል ናቸው።

ሒሳቡ ለምን እንደሆነ ያሳያል። መንገዱ ላይ 3 ሚሊሜትር ውኃ ቢኖርና መኪናዋ በ60 ብትሄድ፣ 12.7 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው አሻራ በሰከንድ 6.4 ሊትር ገደማ ውኃ ማስወጣት አለበት፤ 15 ያለው 7.5። ውኃው ከመሃል እስከ ዳር የሚሄድበት መንገድም ይረዝማል። ደረቅ ላይ የተገኘው ጥቅም እርጥብ ላይ ይበላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ወደ ኪሳራ ይዞራል። ጥርሱ 3 ሚሊሜትር ሲደርስ 195ቱን ለመቀየር የተወሰነው ለዚህ ነው፤ 175ቱ እስከ 2 ሊቆይ ይችላል።

የቸርችሉ ነገር ግን ከወርድ ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውንና የፈሰሰውን ዘይት ለውሶ ቅባት ያደርገዋል። ግማሽ ሰዓት በደንብ ከዘነበ በኋላ ያው አስፋልት ይሻላል። ካፊያ ላይ ወርድ አያድንም፤ የሚጠቅመው ለስላሳ ላስቲክና ርቀት መጠበቅ ነው።

ሐ ወደ አዳማ ተላከች። ጂፒኤስ ላይ ትክክለኛው ፍጥነት 97 ሲሆን የመኪናዋ ሜትር 100 ይላል፤ በድሮው ጎማ 95 ነበር። ሜትሩ ወደ እውነቱ ቀረበ፤ ግን ድሮ 120 አሳይቶ 114 ይሄድ የነበረ ሹፌር አሁን 116.7 ነው የሚሄደው፣ የፍጥነት መንገዱ ወሰን 120 መሆኑን አይርሳ።

ንፋስ በከፍታ፦ መለኪያው የሚያሳየው ከውጭ አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። እዚህ 32 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ካልተለወጠ አዳማ ላይ በ1 ገደማ ዝቅ ይላል፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ደግሞ በ3.6። ግን እዚያ ይሞቃል፤ ከ15 ወደ 35 ዲግሪ ሲሄድ 3 ያህል ይመለሳል። በተቃራኒው ቆላ ላይ ሙቅ ሆኖ የተሞላ ጎማ እዚህ ጠዋት ሲለካ ግራ ያጋባል። የሚስተካከለው በሚነዳበት ቦታ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው።

ሳምንት 9

የአሁኑ አቋም። ሀ በ175/70 ትቀራለች፤ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ፣ ኮብልስቶን ላይ ነች፣ ረጅሙ ጎን ቸርኬውን ያድንላታል። ንፋስ ፊት 32፣ ኋላ 31። ለ በ185/65፣ 32 እና 30። ሐ በ195/60፣ 31 እና 30፤ 29 ላይ ሞክረን ካዛንቺስ አንድ ጉድጓድ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦት ጎኑ ላይ እብጠት ወጣ። እብጠት ያለበት ጎማ አይጠገንም። አንድ ጎማ ሲገዛ ጥንዱም እንዲመጣጠን ሁለት ተገዛ፤ የተረፈው ጤነኛ ጎማ ስኮርታ ሆነ። ሐ እስከዚያ ድረስ የ14 ኢንች ስኮርታ ይዛ ነበር የምትዞረው፤ ዳዶዎቹም የማይገጥሙላት። ሾጣጣ ዳዶ አራት ከስኮርታው ጋር መቀመጥ እንዳለበት ያስታወሰን ማንም አልነበረም።

የቀረ፦ በ8,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወር (ሐ ቀስት ስላላት በያዘችው ጎን ብቻ፣ በመስቀል አይደለም)፤ የሐ አላይመንት በ5,000 እንደገና፣ ወርደ ሰፊው ጎማ የአላይመንት ስህተትን በዳሩ ፈጥኖ ስለሚያሳይ፤ የአሮጌው ኮምፕሬሶር መለኪያ መቀየር።